ሣለ ወይስ ሳለ? በድምፅ አንድ፣ በሥር የተለያዩ ቃላት

«ሳለ» የሚለውን ቃል ብቻውን ወረቀት ላይ ጽፎ ትርጉሙን የጠየቀ ሰው ከአንድ በላይ መልስ ያገኛል። አንዱ ሥዕል ሠራ ይላል፤ ሌላው ቢላዋ አሾለ፤ ሦስተኛው ጉንፋን ይዞት ጕሮሮውን ጠረገ፤ አራተኛው ደግሞ «ልጅ ሳለ» እንደሚባለው «በነበረ ጊዜ» ማለት ነው ይላል። «ተ» ከፊቱ ከገባ «ተሳለ» ይሆንና ስለት የገባውም ሰው ይጨመራል።

አራቱም መላሾች ልክ ናቸው። እነዚህ ቃላት አንድ ቃል ትርጉም አብዝቶ የተፈጠሩ አይደሉም። የየራሳቸው ሥር ያላቸው ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው፤ አማርኛ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ገጠመ። ያንን የቀድሞ ልዩነት ዛሬም በከፊል የሚያሳዩት ብዙዎች «ለምን አይቀነሱም?» የሚሏቸው ሞክሼ ፊደላት ናቸው።

ሞክሼ ፊደላት የትኞቹ ናቸው?

ሞክሼ ማለት ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋር አንድ የሆነ ሰው ነው። ሞክሼ ፊደላትም መልካቸው የተለያየ፣ አጠራራቸው ግን በአማርኛ አንድ የሆኑ ናቸው። አራት ወገን ናቸው፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ።

በንባብ ስለማይለዩ በሚገቡበት ቃል ይጠራሉ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ይባላል፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እነዚህ ቅጽሎች ለጌጥ የወጡ አይደሉም። «ንጉሥ» በየትኛው እንደሚጻፍ የረሳ ሰው «ንጉሡ ሠ» ሲል መልሱን አብሮ ያገኛል። «ጸሎት» በፀ ተጽፎ ያየም ሰው ስሕተቱን ለመያዝ የፊደሉን ስም ማስታወስ ይበቃዋል።

በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በአ እና በዐ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ የመጀመሪያውና የአራተኛው ሆሄ ድምፅ በአማርኛ አንድ ሆኗል። ስለዚህ «ሀ» እና «ሃ» አይለዩም፣ «ዐ» እና «ዓ»ም እንዲሁ። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ ለመጀመሪያው ፊደል 2፣ ለሁለተኛው 6 ምርጫ አለና። «ኃይለ ሥላሴ» በዚሁ ስሌት 24 ይደርሳል።

ድምፁ ከጠፋ ፊደሉ ለምን ቀረ?

በጥንቱ ግእዝ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ድምፅ ነበረው። ሀ ቀላል ትንፋሽ ነው። ሐ ከጕሮሮ ውስጥ ታንቆ የሚወጣ ነው። ኀ እንደ ዛሬው «ኸ» ከላንቃ በስተኋላ የሚሻክር ነበር። ዐ የሐ ጓደኛ ሲሆን የሚወጣበት ቦታ ያው ሆኖ ድምፁ ይነዝራል። ሠ እና ፀ ደግሞ አየሩ በምላስ ጎን በኩል እያለፈ የሚፈጠሩ፣ ወደ «ለ» የሚያደሉ ድምፆች እንደነበሩ ከሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር ተነጻጽሮ ተደርሶበታል።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም በተቀረጹት የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይህ ልዩነት በአብዛኛው ተጠብቆ ይታያል። ከዚያ ብዙ ዘግይተው በተጻፉ ብራናዎች ላይ ግን አንዱን ቃል በአንድ ገጽ በሠ፣ በሌላው በሰ ተጽፎ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ጸሓፊዎቹ ልዩነቱን በጆሯቸው መስማት እንዳቆሙ ያሳብቃል። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ግእዝም በአማርኛ ጕሮሮ ስለሚነበብ ሐን ከኀ፣ ሠን ከሰ አይለይም። ወንዙ ደርቆ ድልድዩ ቀረ እንደማለት ነው።

«ሳለ» ውስጥ ስንት ግስ አለ?

አማርኛ በቃል መካከል የገቡትን የጕሮሮ ድምፆች (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ) የመዋጥ ጠባይ አለው። ሲውጣቸውም ከፊታቸው ያለው ፊደል ወደ አራተኛው ሆሄ ይሄዳል። ጸሐፈ ጻፈ ሆነ፣ ለአከ ላከ፣ ሰሐበ ሳበ፣ ስሕተ ሳተ። በዚህ ሕግ መሠረት «ሳለ» ከሚከተሉት ግሶች ሁሉ ሊመጣ ይችላል።

ሠዐለ (በንጉሡ ሠ፣ በዐይኑ ዐ) ሥዕል ሠራ ማለት ነው። ሥዕልና ሠዓሊ ከዚህ ይወጣሉ።

ሰሐለ (በእሳቱ ሰ፣ በሐመሩ ሐ) ብረትን አሾለ ነው። የቢላዋ ስለት፣ «ስል ቢላ» የምንለውም ከዚህ ነው። ትግርኛ ዛሬም ሐን ሳይውጥ «ሰሓለ» ይላል።

ሰዐለ (በእሳቱ ሰ፣ በዐይኑ ዐ) የሳል ነው። እዚህም ትግርኛው «ሰዓል» ብሎ ዐን ያሰማል፤ ዐረብኛውም «ሰዐለ» ነው።

ሰአለ (በእሳቱ ሰ፣ በአልፋው አ) ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ስእለት፣ በአማርኛ አጠር ብሎ ስለት፣ የዚህ ልጅ ነው። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለው ጸሎት «ቅድስት ሆይ፣ ለምኚልን» ማለት የሚሆነው በዚህ ፊደል ሲጻፍ ነው። «ሠዐሊ ለነ» ብሎ የጻፈ ሰው በጥሬው «ሥዕል ሣዪልን» ብሏል።

«ልጅ ሳለ» ደግሞ ከእነዚህ ከአንዱም አይወለድም። «ስ» የሚለው ቅጥያ «አለ» ላይ ተደርቦ የተፈጠረ ነው፤ «ሲመጣ» ውስጥ ያለው ዐይነት «ስ»።

ከጎን ሌላም ዘመድ መሳይ አለ። ሣህል ማለት ምሕረት፣ ይቅርታ ነው፤ በሠ እና በሀ ይጻፋል። ሣህለ ሥላሴ የሚለው ስም «የሥላሴ ምሕረት» ማለት ነው። ከሥዕልም ከስለትም ጋር ዝምድና የለውም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በአማርኛ የጕሮሮው ድምፅ ስለተዋጠ ከአራቱ ግሶች የሦስቱ ልዩነት በጽሑፍም አይታይም፤ ሊለይ የሚችለው በሠ የሚጀምረው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሥዕሉ «ሣለ»፣ ለቢላዋውና ለጉንፋኑ «ሳለ»፣ ለልመናው «ተሳለ» እንጽፋለን። «ስለት»ም እንዲሁ ሁለት ሆኖ ይቀራል፦ «በስለት ተወጋ» ሲባል ቢላዋ፣ «ስለት አስገባ» ሲባል ለእግዚአብሔር የተገባው ቃል። በጣም የተለመደው ስሕተት ይህን የኋለኛውን ሲያከብሩ «ሥዕለት» ብሎ መጻፍ ነው። ክብር ለመስጠት የገቡት ሥ እና ዕ ቃሉን ከልመና አውጥተው ወደ ሥዕል ቤት ይወስዱታል። ረጅሙን መልክ የፈለገ «ስእለት» ይበል።

ፊደሉ ትርጉም የሚቀይረው የት የት ነው?

ጥንዶቹ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በዕለት ንባብ በእርግጥ የሚያጋጥሙት ጥቂት ናቸው።

መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ አስተማረ። ከመጀመሪያው ምሕረትና መሐሪ፣ ከሁለተኛው ትምህርት፣ ምሁርና መምህር ይወጣሉ። አማርኛ ሁለቱንም ስለዋጠ «ተማረ» ብቻውን ሲቆም ዕውቀት ቀሰመ ወይም ይቅርታ አገኘ ይሆናል። ሲያስነጥሱ የሚባለው «ይማርህ» የምሕረቱ ነው። «ምህረት» ብሎ በሀ መጻፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ሥር ይጠጋል፤ «ትምሕርት» ብሎ በሕ መጻፍ ደግሞ ወደ ይቅርታው።

ሠረቀ ወጣ፣ በራ (ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ)፤ ሰረቀ የሌባ ነው። ምሥራቅ የፀሐይ መውጫ የሆነው በሠ ነው፤ በዘመን ቈጠራ ያለው ሠርቅም ከዚሁ ነው። በዐረብኛም ሁለቱ ግሶች በሁለት ፊደል ተለያይተው ይገኛሉ፤ የፀሐዩ «ሸረቀ»፣ የሌባው «ሰረቀ» ነው። «ምስራቅ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ስርቆት የሚካሄድበትን ቦታ አላሰበም፤ ዐውዱ ያድነዋል። «ሠርቀ ብርሃን» (የብርሃን መውጣት) በሰ ሲጻፍ ግን የሚያድነው ዐውድ የለም። ስም ብቻውን የሚቆም ነገር ነው።

ስሞች ላይ ከደረስን፣ ዓመት እና አመት መነሣት አለባቸው። ዓመት 12ቱን ወራትና ጳጉሜን የያዘው ነው። አመት ሴት አገልጋይ ናት። አመተ ማርያም፣ አመተ ሥላሴ የሚሉት ስሞች «የማርያም አገልጋይ»፣ «የሥላሴ አገልጋይ» ማለት ናቸው፤ በዓ ሲጻፉ «የማርያም ዓመት» ይሆናሉ። በተገላቢጦሹ «ዓ.ም.» ዓመተ ምሕረት ሲሆን በአ ከተጻፈ ዘመኑ ቀርቶ አገልጋይ ይመጣል።

ዐቢይ ትልቅ ነው፤ ዐቢይ ጾም እንደምንለው። አበየ ግን እምቢ አለ ማለት ነው። ዐሥራት ከዐሥር አንድ የሚወጣ መባ ነው፤ እስራት አሰረ ከሚለው የመጣ ነው። ባዕል ባለቤት፣ ባለ ጸጋ ሲሆን አማርኛው «ባለ» (ባለቤት፣ ባለ ሱቅ) ከእርሱ ያጠረ ነው፤ በዓል ደግሞ የምናከብረው ቀን ነው። ሰብሐ አመሰገነ ነው፣ ስብሐት ከእርሱ ነው፤ ሠብሐ ግን ሰባ፣ ወፈረ።

ጸ እና ፀ ላይ የሚያስገርም ጥንድ አለ። ጸብሐ ነጋ ማለት ነው፣ ጽባሕ ንጋት። ፀብአ ተዋጋ ነው፣ ፀብ ከእርሱ ነው። አማርኛ ሁለቱንም ወደ ጠ ለውጦ በሌላ መልክ ይናገራቸዋል፦ «መስከረም ጠባ» የንጋቱ ልጅ፣ «ጠብ» የውጊያው ልጅ። ጥጃው ሲጠባ ደግሞ ሦስተኛ ሥር ይገባል፤ እርሱ ከመጀመሪያውም በጠ የነበረው ጠበወ ነው።

አንድ ጥንድ ሊቃውንትንም ያከራክራል። ኀለየ አሰበ ነው፤ ኅሊና ከእርሱ ይወጣል። ሐለየ ዘመረ ነው፤ ስለዚህ በሥሩ ከሄድን «ማሕሌት» ነው። «ማኅሌት» የሚለው አጻጻፍ ግን በየቦታው ሥር ሰድዷል፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ብሎ ከመንቀፍ የቆየ ልማድ ብሎ መመዝገብ ይሻላል።

በብዛት የሚሳሳቱት የት ላይ ነው?

አስቸጋሪው ፊደል የሚቀንሰው ሰው አይደለም። ሁሉን በሀ፣ በሰ፣ በአና በጸ ብቻ የሚጽፍ ቢያንስ ወጥ ነው፤ አንባቢ ደንቡን ይይዝለታል። የሚያምታታው «የተማረ» ለመምሰል ሞክሼውን ያለቦታው የሚያስገባ ጽሑፍ ነው። ዋናዎቹ እነሆ፦

«ሠላም»፣ «ሠማይ»፣ «ሠው» የሚሉት በየማስታወቂያው ላይ ቢታዩም ሦስቱም በእሳቱ ሰ ናቸው። «ፀሎት»፣ «ፅሑፍ»፣ «ፅናት» በጸሎቱ ጸ ይጻፋሉ፦ ጸሎት፣ ጽሑፍ፣ ጽናት። በፀሐዩ ፀ የሚጻፉት እንደ ፀሐይ፣ ፅንስ፣ ፀር (ጠላት)፣ ድምፅ፣ ዐመፅ ያሉ በቍጥር ያነሱ ናቸውና እነርሱን ይዞ ሌላውን በጸ መጻፍ አብዛኛውን ያስተካክላል። «ሐብት» እና «ሐገር» በሀ ናቸው፤ ሀብት «ወሀበ» (ሰጠ) ከሚለው የመጣ ስለሆነ ሐ ሊገባበት አይችልም። «ሃይማኖት»ም በሃሌታው ነው። ሕግ፣ ሕዝብ፣ ሕይወት፣ ሐሰት፣ ሐዘን በሐመሩ፤ ኃይል፣ ኃጢአት፣ ኅብረት፣ ማኅበር፣ ማኅተም፣ ኅትመት በብዙኃኑ።

ከውጭ የገቡ ቃላት (ሆስፒታል፣ ሳይንስ፣ አውቶቡስ) የግእዝ ሥር ስለሌላቸው በሀ፣ በሰ እና በአ ይጻፋሉ። እዚያ ሠ ወይም ዐ የሚፈልግ ምክንያት የለም።

ያለ መዝገበ ቃላት ሥሩን ማግኘት ይቻላል?

ብዙ ጊዜ አዎ። መጀመሪያ ግሱን ወደ ስም መልሱት። ግሱ የዋጠውን ፊደል ስሙ ብዙ ጊዜ ይተፋዋል፤ ጻፈ ሲል የጠፋው ሐ «ጽሕፈት» ሲል ይመለሳል፣ ሳተ «ስሕተት» ላይ፣ ማረ «ምሕረት» ላይ፣ ሣለ «ሥዕል» ላይ።

በ«አ» ለሚጀምሩ ግሶችም ይኸው ይሠራል። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ያሉትን የጕሮሮ ድምፆች ሁሉ ወደ «አ» ሰብስቧል፤ ስለዚህ «አ»ው ማን እንደነበረ የሚነግሩት ዘመዶቹ ናቸው። አለመ ሲያልም ሕልም አለ፣ ስለዚህ ሐለመ ነበር። አለፈ ኃላፊ አለው፣ ኀለፈ ነበር። አደረ ማኅደር አለው፣ ኀደረ ነበር። አወቀ ዕውቀት አለው፣ ዐወቀ ነው።

ቀጥሎ ትግርኛ የሚናገር ሰው ካለ ይጠየቅ። ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ በአፉ ይለያል። ነገር ግን ኀን ከሐ፣ ሠን ከሰ፣ ፀን ከጸ አይለይም፤ ለእነዚህ ዐረብኛ ይሻላል። ዐረብኛው «ሸ» ሲል የግእዙ ሠ ነው (ሸረቀ/ሠረቀ)፤ «ሰ» ሲል ሰ ነው (ሰላም)። ዐረብኛው «ኸ» ሲል ኀ ነው፦ «ኻተም» ማኅተም ነውና። ዷድ የሚባለው ወፍራም «ደ» ፀን ያመለክታል፤ ሷድ የሚባለው ወፍራም «ሰ» ጸን። ይህ መንገድ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ለዚህ ነው ከስሙ በኋላ እንጂ ከስሙ በፊት የማይሞከረው።

መዝገበ ቃላት ለመክፈት የሚፈልግ ለግእዙ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ለአማርኛው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ይረዱታል። ኪዳነ ወልድ ቃላቱን የደረደሩት በተለመደው የሀለሐመ ተራ ሳይሆን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው በአበገደ ተራ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚያገላብጡ «ቃሉ የለበትም» ብለው ይዘጉታል።

ሁሉም መመሳሰል የፊደል ጉዳይ ነው?

አይደለም። «ገና» በዓሉ ወይም «እስካሁን»፣ «ዋና» መዋኘት ወይም ቀዳሚ፣ «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ወይም ጠባብ ያልሆነው፣ «አለ» ተናገረ ወይም ይገኛል የሚሆኑት በመጥበቅና በመላላት ነው። ይህ በፊደል ምርጫ አይፈታም። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ፤ በተራ ጽሑፍ ግን ሸክሙ የአንባቢው ነው።

በኮምፒውተር ላይ ምን ያስቸግራል?

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቍጥር የሚሰጡበት የጋራ መዝገብ) ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሞክሼ የየራሱ ቍጥር ተሰጠው። ለማሽን ሰ እና ሠ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ አንድ ሰው በሁለት ሰነድ ላይ በሁለት ፊደል ከተጻፈ ሁለት ሰው ይሆናል።

መፍትሔው ከፕሮግራሙ በኩል ቀላል ነው፤ ሲፈለግ ብቻ ሐን፣ ኀን እና አራተኛ ሆሄያቸውን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ (ከነሆሄያቸው) አዛምዶ ማነጻጸር፣ የተጻፈውን ግን እንዳለ መተው። ሲቀመጥም ከቀየረ አመተ ማርያምንና ዓመተ ምሕረትን የሚለየው ፊደል ለዘለዓለም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ፍለጋ በሌለበት ቦታ ቃሉን በየአጻጻፉ ደጋግሞ መሞከር ግድ ነው። የሰው ስም ሲሆን ደግሞ ሥሩ ምንም ይበል፣ የሚጻፈው ባለቤቱ በመታወቂያው ላይ ባለው ፊደል ነው።